የጎደለው አንድ ኪሎ

መስቀል ሲቃረብ አዲሎ ቅቤ ቅቤ ትሸታለች። በዚያ ሰሞን ከምባታ ውስጥ ቅቤ የማይገባበት ቤት የለምና፣ ከደጋው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚወርደው ለጋ ቅቤ፣ መካከለኛውና ሽታው ከሩቅ የሚጣራው በሳሉ ገበያው ላይ ጎን ለጎን ይደረደራል። እኔም በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ቤተሰቦቼ የምሄደው በዚሁ ሰሞን ነው። በሐላባ ቁሊቶ በኩል መጥቼ ከመኪና ስወርድ፣ ከሰው አስቀድሞ የሚቀበለኝ ይኸው ሽታ ነው። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ቅቤ ስትነግድ የኖረች በመሆኗ፣ እውነቱን ለመናገር ሽታውና እናቴ በልቤ ውስጥ ተለያይተው አያውቁም።

ባለፈው የመስቀል ሰሞን በማለዳ፣ እናቴ ለማንጠር ያሰናዳችውን ቅቤ ጓዳ ገብቼ እያየሁ ሳለ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት።

«አጎቴ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስኪ ይቺን አስረዳኝ» አለችኝ።

የተማርኩት የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ነው። የምኖረውም ለዚህም ለዚያም መጽሔት በመጻፍ ነው። እኔና ፊዚክስ ከተለያየን ሃያ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረው፤ ስንለያይም በሰላም አልነበረም። ይሁን እንጂ የልጅቱን ጥያቄ በቀልድ ማለፍ አልቻልኩም። ታላቅ ወንድሟ የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ወስዶ ነበር። ያን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሳል። የእሷ ወንድም ከቀሩት 96.7 በመቶዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ በእህቴ ቤት ፈተና የሚለው ቃል ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ደብተሩን ተቀበልኳት። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የጠጣር፣ የፈሳሽና የጋዝ ቅንጣቶች በእንቅስቃሴና በጉልበት እንዴት ይለያያሉ የሚል ነው። ከሥሩ መልሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ልጅቱ ሦስቱንም በእንግሊዝኛ በቃሏ ወረደቻቸው፤ አንድ ቃል አልሳተችም። «ምን ማለት ነው?» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምክንያቱም እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከሞላ ጎደል እኔም አውቃቸዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. ከፕላዝማው የገለበጥኳቸው ናቸው።

ፕላዝማ ያልደረሰበት አንባቢ ቢኖር ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መተላለፍ ሲጀምር፣ በየክፍሉ አንዳንድ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ይቀረጻል፤ በእንግሊዝኛ ይተላለፋል። የክፍሉ መምህር መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል እንጂ መሐሉ የቴሌቪዥኑ ነው። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያም መልስ የሰጠነው ይመስል «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። መብራት ሲሄድ እኛም አንገታችንን ወደ መስኮቱ እናዞራለን። ስሙንም ከዕቃው ወስደን ትምህርቱን «ፕላዝማ» አልነው። ዛሬ ሳስበው የሚያስቀኝ፣ ፕላዝማ ማለት ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ የሚቆጠረው አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ መሆኑ ነው። በዚያ መስታወት ውስጥ በጥቃቅን ክፍሎች የታሰረው ጋዝ፣ በኤሌክትሪክ ጉልበት ኤሌክትሮኖቹ እየተላቀቁ ፕላዝማ ይሆንና ምስሉ የሚበራበትን ብርሃን ያስገኛል። ስለ ሦስቱ ሁኔታዎች በአራተኛው ተማርን ማለት ነው፤ ማንም ግን ይህን አልነገረንም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰሞን እናቴ በሌብነት ተጠረጠረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ቅቤ ከመሸጧ ሌላ ለሰው በዋጋ ታነጥራለች። አንዲት ደህና ገንዘብ ያላት ሴት ለድግስ የሚሆን 5 ኪሎ ለጋ ቅቤ አምጥታ ሰጠቻት። እናቴ አነጠረችው፤ ሴትዮዋ ስትመጣ በሚዛን ተለካና 4 ኪሎ ሆነ። «አንዱ ኪሎ የት ገባ?» ተባለ። እናቴ፣ «እትዬ፣ ውሃው ሄዶ ነው፤ ለጋ ቅቤ ውሃ አለበት» አለች። ሴትዮዋ ቅቤ ሲነጠር እንደሚጎድል የማታውቅ አልነበረችም። «ጥቂት እንደሚጎድል አውቃለሁ፤ አንድ ኪሎ ሙሉ ግን አይጎድልም። አንቺ እኔን ልታሞኚኝ ነው?» አለቻት፤ የገበያው ሰው እየሰማ። እናቴ እትዬ እያለች፣ ሴትዮዋ አንቺ እያለች ብዙ ተባባሉ። በመጨረሻ እናቴ ከራሷ ቅቤ አንድ ኪሎ መዝና ሰጠቻት። ሰጥታ ብትገላገል ጥሩ ነበር፤ መስጠቷ ግን እንደ ማመን ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ቅቤ የሚያስነጥር ሰው ወደ እኛ ቤት አልመጣም።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ደብተሬ በብብቴ ነው። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ደብተሬ ውስጥ ናቸው።

ለልጅቱ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ደብተሩን ዝጊውና ከሱቅ ሚዛን ተውሰሽ ነይ» አልኳት። ቁጥር የሚያሳየውን ሚዛን ይዛ መጣች። ከእናቴ ቅቤ ላይ ልክ 2 ኪሎ መዘንን። እናቴ የምንሠራውን በዝምታ ታያለች፤ ምድጃዋን የነካባትን ሰው እንደዋዛ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

ማለዳ ስለነበር ቅቤው ጠጥሯል። «አሁን በዚህ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት። «ቆመዋል» አለች። የሁላችንም ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። ጠጣር ማለት የቆመ ማለት አይደለም። ሰው እንደታጨቀበት አውቶቡስ ነው፤ ማንም ቦታውን አይለቅም፣ ነገር ግን ማንም ጸጥ ብሎ አይቀመጥም። እያንዳንዱ ቅንጣት በጎረቤቶቹ ተይዞ ባለበት ይርገበገባል። ሙቀት ስትሰጠው መርገብገቡ ይበረታል። ሲበረታ አያያዙ ይላላል፤ ቅንጣቶቹ እየተሹለከለኩ ቦታ መለዋወጥ ይጀምራሉ። ተያይዘዋል፣ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል። ፈሳሽ ያልነው ይህንን ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ያለ የአዲሎ ገበያ ነው ብትሉም ያስኬዳል።

ቅቤ እንደ በረዶ በአንድ ቁርጥ መጠነ ሙቀት አይቀልጥም። ልዩ ልዩ የስብ ዓይነቶች ድብልቅ ስለሆነ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይለቃል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚለሰልሰው። ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን ጨርሶ ፈሳሽ ይሆናል። የሰው ገላ 37 ዲግሪ ነው። ጠዋት አናታቸው ላይ ቅቤ አድርገው የወጡ እናቶች ረፋዱ ላይ በግንባራቸው ሲወርድ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። ይህን ስናገር ልጅቱ አያቷን አየቻት፤ እናቴ ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

ቅቤው ቀለጠ፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ ገቡበት። ጥቂት ቆይቶ መንጣጣት፣ ቀጥሎም መንተክተክ ጀመረ። እውነተኛው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ለጋ ቅቤ በግምት ከመቶ ሰማንያው ስብ፣ አሥራ ስድስት ያህሉ ውሃ፣ የቀረው ከወተቱ የተረፈ ዝቃጭ ነው። የሚንተከተከው ስቡ አይደለም። የስብ ቅንጣት ግዙፍና ከባድ በመሆኑ በዚህ ሙቀት ተነስቶ አይሄድም፤ የሚፈላው በውስጡ የተደበቀው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል እንጂ እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደለም። ወደ ላይ በ300 ሜትር ገደማ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ የመፍላቱ ነጥብ በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲሎ ዝቅ ስለምትል ጥቂት ከፍ ይላል።

ልጅቱ ቶሎ እንዲያልቅ ብላ እንጨት ልትጨምር ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት። «እሳት አትጨምሪ፤ ይገነፍልብሻል። ጊዜውን ይፈልጋል» አለቻት። የፊዚክሱ ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ እሳት ብታበዢ ትነቱ ይፈጥናል እንጂ የድስቱ መጠነ ሙቀት ያን ያህል አይነሳም። ታዲያ የእሳቱ ጉልበት የት ይገባል? አንድ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ሰባ ያህል ካሎሪ ይበቃዋል። ያንኑ አንድ ግራም ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ከ540 ካሎሪ በላይ ያስፈልጋል። ከሰባት እጥፍ ይበልጣል፤ ቴርሞሜትር ቢከተት ግን ከዚህ አንዳችም አይታይበትም።

ፕላዝማው ያልነገረኝ፣ ወይም ነግሮኝ ከሆነ በቋንቋው ሳቢያ ያመለጠኝ ነገር ይህ ነው። እኔም ልጅቱም የሸመደድነው፣ የጋዝ ቅንጣቶች ከሁሉም ይበልጥ ይፈጥናሉ የሚል ነው። ሙቀቱ ከጨመረ እውነት ነው። ነገር ግን በሚፈላው ውሃ ውስጥ ያለው ቅንጣትና በላዩ የሚነሳው እንፋሎት እኩል መጠነ ሙቀት ካላቸው፣ የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው በአማካይ እኩል ነው። የሄደው ከቀረው በፍጥነት አይበልጥም። ልዩነቱ የሄደው የመለያያ ዋጋውን መክፈሉ ላይ ነው፤ ያ 540 ካሎሪ የወጣው ቅንጣቶቹን ከጎረቤቶቻቸው መያዣ ለማላቀቅ ነው። ዋጋው ደግሞ አይጠፋም። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር አግኝቶ ወደ ውሃነት ሲመለስ ሙሉውን መልሶ ይጥለዋል። ከፈላ ውሃ ይልቅ እንፋሎት የሚብሰው ለዚህ ነው። እናቴ በቀኝ አንጓዋ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ አላት፤ የሰታቴ ክዳን ስታነሳ ያገኛት ነው።

«ታዲያ ፈተና ላይ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ ልጅቱ።

ይህንን ጥያቄ አልጠበቅኩም ነበር። ወንድሟን አሰብኩ። «የደብተርሽን ጻፊ፤ ይኼኛውን ግን እወቂው» አልኳት። ትክክል ይሁን ስሕተት እስካሁን ሲከነክነኝ አለ።

በዚህ መካከል ሽታው ደጅ ደርሶ ኖሮ የጎረቤት ሴት ከአጥሩ ማዶ «ዛሬ ታነጥራላችሁ እንዴ?» ብላ ተጣራች። ልጅቱ ፈገግ አለችና፣ «ጋዝ የሚፈጥን ከሆነ ለምን ይህን ያህል ዘገየ?» አለችኝ። እኔ በእድሜዬ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው! በክፍላችን አየር ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች በሰከንድ በአማካይ ወደ 500 ሜትር ግድም ይበራሉ፤ በዚህ ፍጥነት ከጓዳው እስከ አጥሩ ዓይን ከመጨፈን አይዘገይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 የኔዘርላንድሱ ሊቅ ባይስ ባሎት ይህንኑ የሽታ ነገር አንስቶ፣ ቅንጣቶች እንዲያ ይበራሉ የሚሉትን ተሟገታቸው። ጀርመናዊው ክላውዚየስ በዚያው ዓመት መለሰለት። ቅንጣቱ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ከሌላው ሳይጋጭ የሚሄደው ርቀት እጅግ አጭር ነው አለው። ዛሬ እንደምናውቀው በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ እየተላተመ አቅጣጫውን ይለውጣል። በበዓል ዋዜማ ገበያ መሐል የሚሮጥ ሰው በሉት፤ ሩጫው ብዙ ነው፣ የተራመደው ግን ትንሽ። ለጎረቤታችን ሽታውን ያደረሰላት በአብዛኛው በበሩ የገባው ነፋስ ነው።

ስለማይታይ ነገር እውነት መናገር በሊቃውንቱም ላይ ከብዶ ነበር። ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትዝማን የጋዝን ጠባይ በቅንጣቶች እንቅስቃሴ ሲያሰላ ኖሮ፣ ቅንጣት የሚባል ነገር መኖሩን ከማይቀበሉ ስመ ጥር ሊቃውንት ጋር ሲከራከር አርጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 በገዛ እጁ ሞተ። ይህን ያደረገው በክርክሩ ነው ለማለት አይቻልም፤ በሽታም ነበረበት። ፈረንሳዊው ዣን ፔረን ውሃ ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን ነገሮችን በማይክሮስኮፕ ተከታትሎ፣ አንስታይን በ1905 ባወጣው ስሌት መሠረት የቅንጣቶችን መኖር ማሳየት የጀመረው በ1908 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ። የቦልትዝማንን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ የማስበው ሊቁን ብቻ አይደለም። ገበያ መሐል ቆማ «ውሃው ሄዶ ነው» የምትለውን ሴት ጭምር ነው።

ድስቱ ድምፁን ቀነሰ። መንተክተኩ ወደ መንሾክሾክ ወረደ፤ ከዚያ ጸጥ አለ፤ አረፋው ሰከነና ከሥሩ ወርቅ የመሰለ ፈሳሽ ታየ። እናቴ ሳትናገር ድስቱን አወረደችው። ጸጥታው ምን ማለት እንደሆነ አሁን ለልጅቱ መንገር አላስፈለገኝም። «ውሃው አለቀ» አለች ራሷ። ከዚህ በኋላ እሳቱ የሚሰጠው ጉልበት የሚገባበት ሌላ ስለሌለ መጠነ ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል፤ ትንሽ የዘገየች ሴት ቅቤዋን ታሳርራለች። እናቴ በዕድሜዋ ስንት ጊዜ ይህቺን ቅጽበት በጆሮዋ ብቻ እንደያዘች እንጃ።

አጥልለን፣ በረድ ሲል መዘንነው። 1 ኪሎ ከ610 ግራም። ልጅቱ ደብተሯን ገልጣ አሰላች። ከ2 ኪሎ 390 ግራም ጎድሏል። «ከ5 ኪሎ ቢሆንስ?» አልኳት። እርሳሷን አፏ ውስጥ አድርጋ ቆየችና፣ «975 ግራም» አለች። ከዚያ ውስጥ የዝቃጩና የአረፋው ድርሻ ቢቀነስ እንኳ ወደ 800 ግራም የሚሆን ውሃ ነው። 800 ግራም ውሃ እንፋሎት ሲሆን ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝም አሰላን፤ ከ1,500 ሊትር ይበልጣል። ሰባት የነዳጅ በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። ይህ ሁሉ በዚያች ጠባብ ጓዳ በር ወጥቶ ሲሄድ ማንም አላየውም።

እናቴ እስከዚህ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

«አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው ማለት ነው?» አለች።

«አዎ፣ እማ። 25 ግራም።»

«እኔስ ምን ብዬ ነበር?»

ዝም አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ድስቱን እያየች፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ያኔ ትምህርት ቤት ይህን ተምረኸው ነበር?» አለችኝ።

ተምሬው ነበር። በዚያው ሰሞን ተፈትኜበት ከአሥር ስምንት አግኝቼበታለሁ። ያ በእንግሊዝኛ የሚነገረው ነገር ስለ እኛ ድስት መሆኑን ግን አላወቅኩም። ይህን እንዴት ብዬ እንደማስረዳት ጨነቀኝ። የዲፕሎማዬን ወጪ የከፈለችው በዚያው በቅቤ ነው፤ ደንበኛ ከሸሻት በኋላ እንዴት እንደከፈለችው ጠይቄያት አላውቅም።

«ተምሬው ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ ምን እንደምትል ስጠብቅ፣ ወደ ልጅቱ ዞራ፣ «ያን የጻፍሽበትን ቅጠል ቅደጂና ስጪኝ» አለቻት። ልጅቱ ቀድዳ ሰጠቻት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ጣቷን 975 ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወረቀቱን አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«በይ አሁን ሚዛኑን መልሺ፤ የሰው ሱቅ ሥራ ፈትቶ አይዋል» አለቻት።